ከኦፕራሲዮን በኋላ ለቤት፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ከቤት ይገኛል?

እማዬ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አድርጋ ከሆስፒታል የወጣችው ኅዳር ላይ ነበር። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔም ልጇ አይደለሁ፣ አላስችለኝ አለና ገበያ ወጥቼ ከሁሉም የከበደውን፣ ከሁሉም የተወደደውን ብርድ ልብስ ገዛሁላት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠራችኝ። «ይኼን ነገር አንሺልኝ፤ ሆዴ ላይ ሰው የተኛብኝ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። አነሳሁትና የራሷን አሮጌ ጋቢ ደረብኩላት። ወዲያው ተኛች። ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል።

በዚያ ሁለት ወር ብዙ ነገር ገዛን፣ ብዙ ነገር ተዋስን፣ የጠቀመን ግን ጥቂቱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የአክስቴ ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳ እኛ ቤት አረፈች፤ የተማርኩትን በእሷ ላይ ደግሜ አየሁት። ከዚህ በታች ያለው የሁለቱ ድምር ነው። ብራንድ አልጠራም። ዋጋም በብር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይደርስም። «ርካሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ውድ» እያልኩ እሄዳለሁ።

እዚህ የምናወራው ስለ ምቾት ነው። መድኃኒቱ፣ ቁስል ማጠቡ፣ ስፌት ማውጣቱ የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ ከነገራችሁ ጋር የሚጋጭ ነገር እዚህ ካገኛችሁ የሐኪሙን ያዙ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ዕቃውን ከማየታችሁ በፊት ጥያቄዎቹን ያዙ። ሻጩ ስለ ዕቃው ነው የሚያወራችሁ፤ እናንተ ደግሞ ስለ በሽተኛው አስቡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ይህ ዕቃ በሽተኛው ሰው ሳይጠራ አንድ ነገር እንዲያደርግ ያስችለዋል? ይህን አንደኛ ያደረግኩት በምክንያት ነው። እማዬ ውሃ ጠምቷት ዝም ብላ ትተኛ ነበር፤ «ልጆቹ ደክሟቸዋል» ብላ። የታመመ ሰው ከሕመሙ እኩል የሚከብደው ማስቸገሩ ነው። ስለዚህ ውሃውን በእጅ የሚደርስበት ያደረገች በርጩማ ከውድ ፍራሽ ትበልጣለች።

ሁለተኛው፦ ቁስሉን ይጫነዋል፣ ያጠብቀዋል፣ ያረጥበዋል ወይም ያቃጥለዋል? ሦስተኛው፦ በቀላሉ ይታጠባል? አራተኛው፦ መብራት ሲጠፋም ይሠራል? አምስተኛው፦ ሰውየው ከዳነ በኋላ ለምን ይሆናል? ዋጋ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ውድ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የወደቀ ዕቃ አይቻለሁ፤ ቁምሳጥናችን ላይ ነው።

ሙቀት፦ ጋቢ፣ ባና፣ ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሂተር፣ ከሰል

ሰሜን ሸዋ አንድ የአየር ጠባይ የለውም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንዝና ጣርማ በር ከዚያም ይብሳሉ። ከጣርማ በር ዋሻ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ጋቢ ብትደርቡ ሰው ይስቅባችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የደጋውን።

*ጋቢ።* ለሆድ ኦፕራሲዮን ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው ጋቢን ነው። ጥጥ ነው፣ ቆዳ አይፈጅም፣ ይለሰልሳል፣ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መደረቡ ነው። አንድ ከባድ ብርድ ልብስ ወይ ለብሰኸዋል ወይ ጥለኸዋል። ሁለት ጋቢ ከሆነ አንዱን እስከ ወገብ፣ ሌላውን እስከ ትከሻ ማድረግ ይቻላል፤ ላብ ሲመጣ አንዱን ራሱ በሽተኛው ይገፋዋል። ጉድለቱ፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት ብቻውን አይበቃም።

*የፋብሪካ ብርድ ልብስ።* ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናትና መቼም ይህን ለማግኘት አንቸገርም። ስትገዙ ግን በሁለት እጃችሁ አንሱት። ሲያነሱት «ኧረ!» የሚያሰኝ ከሆነ ለሆድ ቁስል አይሆንም፤ ለእግር ወይም ለእንቅርት ኦፕራሲዮን ግን ችግር የለውም። ቀለል ያለው ከጋቢ በላይ ሲደረብ ጥሩ ነው።

*ባና።* የመንዝ በግ ፀጉር ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ይህን ለመንዜ አልነግረውም። ነገር ግን ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ቶሎ አይታጠብም፣ ቁንጫም ይወደዋል። ከላይ መልበሱን ተዉትና ከታች አንጥፉት። መደብ ላይ ወይም ስስ ፍራሽ ላይ ለሚተኛ ሰው ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። ባናውን ወይም ዝተቱን ቀን ፀሐይ ላይ በደንብ አስጥታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ከፍራሹ ሥር አድርጉት። ሳይገዛ የሚገኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ማሞቂያ ነው። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም።

ከብርድ ልብስ ጋር የተያያዘች አንዲት ዘዴ አለች፤ ወንድሜ ነው ያመጣት። የዘይት ካርቶን ወስዶ ሁለቱን ትይዩ ጎኖችና ክዳኑን ቆረጠ። የቀረው እንደ ድልድይ ሆነ። ያንን እማዬ ሆድ ላይ አሻግሮ አቆመና ብርድ ልብሱን በላዩ ጣለው። ብርድ ልብሱ ካርቶኑ ላይ እንጂ ቁስሉ ላይ አያርፍም። ውስጡ ትንሽ ድንኳን ይሆናል፣ ሙቀቱም ይታመቃል። እማዬ ስታየው «ሳልሞት ሳጥን ሠራችሁልኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ቁስሏን ሲይዛት ደግሞ ተቆጣችን። ወጪው ዜሮ ነው።

*ሙቅ ውሃ።* ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት፣ ሌላው ሁላችንም የምናውቀው የሃይላንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ነፃ ነው፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ግን ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ያፈሳል። የጎማው ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል። የቱንም ብትይዙ ሕጉ አንድ ነው፦ ውሃው እጃችሁ የሚችለው ይሁን፣ በፎጣ ይጠቅለል፣ እግር አካባቢ ይቀመጥ። ቁስል ላይ በፍጹም። በተቀደደው ቦታ ዙሪያ ያለው ቆዳ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ሲቃጠል አይሰማም። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው እግርም እንደዚያው ነው። ለእነሱ ካልሲ ይሻላል።

ካልሲ ካነሳን፣ የሱፍ ካልሲና የራስ ሻሽ ወይም ቆብ ከዚህ ሁሉ ርካሹ ናቸው። ውጤታቸው ግን ከርካሽ አይቆጠርም። ብቻ በካልሲ ሊሾ ወለል ላይ መራመድ አደገኛ ነው፤ ከአልጋ ሲነሳ አውልቆ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ ያድርግ።

*የኤሌክትሪክ ሂተር።* ከመተኛት በፊት ክፍሉን አንድ ሰዓት ለማሞቅ ደህና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከበራ አየሩን ያደርቃል፤ ጉሮሮ ሲደርቅ ያስላል፤ ሳል ደግሞ ለሆድ ቁስል ጠላት ነው። መብራት ሲጠፋ የብረት ጌጥ ነው። ውድ ነው። እኛ ገዝተን ነበር፤ ብዙ አልሠራበትም።

*ከሰል።* እዚህ ላይ ንጽጽር የለም። በሽተኛ የተኛበት፣ በርና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አይገባም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ማስታገሻ ወስዶ የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታት ቢይዘውም ተነስቶ በር አይከፍትም። «እኛ ስንት ዓመት ስንሞቅ ኖረናል» የሚል ዘመድ ይመጣል። አመስግናችሁ ምድጃውን ወደ ውጭ።

በቆላው በኩል ነገሩ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያለ በሽተኛ ችግሩ ላብ ነው። ላብ የቁስሉን መሸፈኛ ያረጥባል። እዚያ ገንዘብ የሚገባው ቀጭን የጥጥ አንሶላ፣ አየር የሚያስገባ ክፍል፣ ሽርጥና አጎበር ነው። አቅም ካለ ቬንትሌተር፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ግድግዳ ዞሮ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቆላ ላይ ትኩሳት ሲመጣ «ወባ ናት» ማለት ይቀለናል። ከኦፕራሲዮን በኋላ የመጣ ትኩሳት ቁስሉ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ከመገመት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሁለቱንም ማስመርመር ነው።

ማንም የማያወራው፦ ሽንት ቤት

ዘመድ ሲጠይቅ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ሽንት ቤት እንዴት እየሆነ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እማዬ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሳት ይኸው ነው። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው፣ ቁጢጥ ተብሎ ነው የሚጠቀሙት። ሆዱ የተሰፋ፣ ጉልበቱ ወይም ዳሌው የተነካ ሰው ቁጢጥ ብሎ መነሳት ፈተና ነው። ሌሊት ደግሞ በውርጭ።

አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ደግፎ መውሰድ። ወጪ የለውም፤ መራመድ ራሱ ጥሩ ነው፣ ሐኪሞችም ቶሎ ተነስቶ መንቀሳቀስን ይመክራሉ። ቀን ላይ ይሁን። ሌሊት ግን የመጀመሪያውን መመዘኛ ይወድቃል፤ ሰው መቀስቀስ አለበት፣ በሽተኛውም ላለመቀስቀስ ሽንቱን ይዞ ያድራል።

ፖፖ ወይም ባልዲ። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን ቁጢጥ ከማለት ብዙም አይለይም። ለወንድ በሽተኛ ሽንት ብቻ ከሆነ አፉ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል።

የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበር። መቀመጫው መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ ይወጣለትና ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ ወይም ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ ይቆማል። ርካሽና ፈጣን ነው። ችግሩ፣ ወንበሩ ሲቀደድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እግሮቹም ይከፈታሉ። ይህን የምትመርጡ ከሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ወንበር ደራርባችሁ አንድ ላይ ቅደዷቸው፤ መደገፊያ ክንድ ያለው ይሁን። ለከበድ ያለ ሰው ግን አልመክርም።

አናጺ የሚሠራው የእንጨት ወንበር። እኛ በመጨረሻ የያዝነው ይህን ነው። መካከለኛ ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን ሲሠራልን ልኬት ስላልሰጠነው ለሕፃን የሠራው ይመስል ነበር፤ መለስነው። ልኬቱ ቀላል ነው፦ በሽተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጉልበቱ እጥፋት እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ለኩ፤ የወንበሩ ከፍታ ያ ይሁን፣ ወይም ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ክንዶቹ ጠንካራ ይሁኑ፤ ሰው ሲነሳ የሚገፋው በእነሱ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ እንጨቱ ቀለም ይቀባ፤ አለዚያ ሽታ ይጠጣል። ባልዲው ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀድሞ ይደረግ፤ ማጽዳቱ ይቀላል። በፊት ለፊቱ መጋረጃ። መጋረጃዋን አትናቋት፤ እማዬ ያለሷ አልተቀመጠችም።

ከአዲስ አበባ የሕክምና ዕቃ መደብር የሚመጣው የሚታጠፍ ብረት። ጥሩ ነው፣ ከፍታው ይስተካከላል፣ ይታጠባል። ውድ ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው አያዋጣም። ዳሌው ለተሰበረ አዛውንት፣ ለወራት ለሚያስፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን ይመልሳል።

አልጋ

ፍራሽ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ከፍታውና ጥንካሬው ነው። ጠፍር አልጋ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ የተኛበት ሰው ከጉድጓድ የሚወጣ ያህል ይታገላል። ያረጀ ስፖንጅም እንደዚያው። መፍትሔው ከፍራሹ ሥር ጣውላ ማስገባት ነው። መደብ ጠንካራ ነው፤ ግን ዝቅ ይላል፣ ለመነሳት ጉልበት ይጠይቃል። ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግር ወለል በደንብ የሚረግጥበት ከፍታ ትክክለኛው ነው።

አነሳሱን አስተምሩ። የሆድ ኦፕራሲዮን ያለው ሰው ቀጥ ብሎ አይነሳም። በጎን ይዙር፣ እግሩን ከአልጋ ያውርድ፣ በክንዱ ገፍቶ ይቀመጥ። ከአልጋው ግርጌ ገመድ አስሮ እሱን እየሳቡ መነሳት የሚለው ምክር ለተሰበረ እግር ይሆናል፤ ለሆድ ግን ስፌቱን ይወጥረዋል።

ከፍ ብሎ መተኛት ለሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ እንቅርት የወጣለት፣ ሦስት ትራስ ሌሊት ላይ ይንሸራተታል። ወንበር ገልብጣችሁ መደገፊያው ተዳፋት እንዲሆን ከፍራሹ ራስጌ ሥር ብታስገቡት ትራሱ አይሄድም።

ትንሽ ጠንካራ ትራስ ደግሞ ለብቻዋ ትቀመጥ። ሳል፣ ማስነጠስ፣ ሳቅ ሲመጣ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ ማቀፊያ ናት። አጎቴ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር እማዬ መጀመሪያ ትራሷን ትፈልጋለች። ከሆስፒታል ስትመጡም መኪና ውስጥ ያዟት። የመንዝን መንገድ የሚያውቅ ለምን እንደምል ይገባዋል።

መቀነትን በተመለከተ ብዙ ሴቶች ይጠይቃሉ። መቀነት ጠባብ ነው፣ ቋጠሮው ይቆረቁራል፣ ስፌቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሰፊው የሆድ ቀበቶ ይሻላል፤ ሁለቱንም ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አታድርጉ። ከተፈቀደም በረጅሙ መተንፈስ የማይከለክል ይሁን።

ትናንሾቹ

ለመጥሪያ ስልክና ቃጭል አወዳድረናል። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ከትራስ ሥር ይጠፋል። ጮክ ብሎ መጣራት ደግሞ ሆድ ያማል። ወንድሜ የበግ ቃጭል አምጥቶ አልጋው ራስ ላይ አንጠለጠለ። ቃጭሉ አሸነፈ።

ለሌሊት ብርሃን በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ መብራት ከሻማም ከኩራዝም ይበልጣል። ኩራዝ ይጨሳል፣ ያስላል። ሻማ ከጋቢ አጠገብ አልወድም።

ልብስ ላስቲክ የሌለው ይሁን። ለሴት ሰፊ ድሪያ፣ ለወንድ ሽርጥ። የቱታ ላስቲክ በትክክል ስፌቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ፔርሙስ ግዙ። አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ከሆነም ፔርሙስ ይሁን። አጥሚቱ፣ ሻዩ፣ ሾርባው ማታ ሞልቶ ይቀመጣል፤ በሽተኛው ሌሊት ሰው ሳይቀሰቅስ ይጠጣል። ከፍታዋ ከአልጋው የተስተካከለ በርጩማ፣ ስትሮ ያለው ኩባያ፣ መድኃኒቱ፣ ሶፍት። በቃ።

ምግብ፦ አጥሚት፣ በሶ፣ ሾርባ፣ የታሸገ ጁስ

አጥሚት በቀላሉ ይወርዳል፣ ያሞቃል። ስኳሩ ግን ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም። የሐሞት ኦፕራሲዮን ያለው ሰው ደግሞ ቅቤውን ለጊዜው ይተው፤ ወፍራም ቅባት ብዙዎችን ያስቸግራል። በሶ ጥብጥ ሳይበሰል በፍጥነት ይደርሳል፣ አስታማሚ ለሌለበት ሰዓት ጥሩ ነው። ሾርባ ምስርና ካሮት ቢገባበት ቁስል ለሚጠግን ሰውነት ይጠቅማል። የታሸገ ጁስ ጠያቂ የሚያመጣው ነው፤ አብዛኛው ስኳር ነው፣ እኛ ቤት ልጆች ናቸው የጨረሱት።

ጠንካራ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል። ያኔ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ፓፓያ ሲገኝ ማለፍ የለም። ተልባም ይረዳል፤ ብዙ ውሃ ካልተጠጣበት ግን ይብሳል። አንጀቱ የተነካ ሰው ሁለቱንም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ጾም ሲሆንስ? እማዬ የተኛችው ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን ነበር። እንቁላሉን አልነካም አለች። ክርክሩን ትተን ንስሐ አባቷን ጠራን፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ጾሙን የሚይዝ ሰው ቢሆንም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ አለ፤ ባዶ ሻይ ብቻ እየጠጣ አይክረም። አረቄ «ሕመም ታስረሳለች» የሚል ካለ፣ ከመድኃኒት ጋር አትገናኝም በሉት።

ጠያቂ

ዕቃ አይደለም፤ ግን ምቾት ይሰጣል፣ ምቾት ይነሳል። ጠያቂ አልጋ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ፍራሹ ይሰምጣል፣ በሽተኛው ወደዚያ ይንሸራተታል፣ ስፌቱ ይሳባል። ክቡር ሰው «ተነሱ» አይባልም። ስለዚህ ቀድማችሁ ከአልጋው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ወንበር አዘጋጁ፤ ሰው ወንበር ካየ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ጭሱና ዕጣኑ ያስላል፣ ጨዋታውም እዚያው ይደምቃል።

በአጭሩ ሲታይ

| ዕቃ | ሰው ሳይጠራ ይረዳል? | ለቁስል | መብራት ሲጠፋ | ማጠብ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሁለት ጋቢ | አዎ | ቀላል ነው | ይሠራል | ቀላል | ከቤት |
| ባና ከፍራሽ ሥር | አዎ | አይነካም | ይሠራል | ከባድ | ከቤት |
| ከባድ ብርድ ልብስ | አይ | ሆድ ይጫናል | ይሠራል | ከባድ | ውድ |
| የካርቶን ድልድይ | በከፊል | ይጠብቃል | ይሠራል | ይጣላል | የለውም |
| የጎማ ሙቅ ውሃ | በከፊል | ከቁስል ይራቅ | ይሠራል | ቀላል | መካከለኛ |
| ሂተር | አይ | ሳል ያመጣል | አይሠራም | – | ውድ |
| የከሰል ምድጃ | ክፍል ውስጥ አይገባም | – | – | – | – |
| የፕላስቲክ ሽንት ቤት ወንበር | አዎ | ደህና | ይሠራል | ቀላል | ርካሽ |
| የእንጨት ሽንት ቤት ወንበር | አዎ | ደህና | ይሠራል | ቀለም ከተቀባ | መካከለኛ |
| የሚታጠፍ ብረት | አዎ | ደህና | ይሠራል | ቀላል | ውድ |
| ፔርሙስና ስትሮ | አዎ | አይነካም | ይሠራል | ቀላል | መካከለኛ |
| ቃጭል | መጥሪያ ነው | አይነካም | ይሠራል | – | ከቤት |

ለማን የቱ?

እጅ ካጠረ፦ ጋቢ፣ ባናው ከሥር፣ ካርቶን፣ ካልሲ፣ ትንሽ ትራስ፣ ቃጭል። ከእነዚህ የሚገዛ የለም ማለት ይቻላል። የተረፈችውን ገንዘብ ለፔርሙስ።

መካከለኛ አቅም ካለ፦ ከላይ ያለው ሁሉ፣ ሲደመር የእንጨት ወንበሩ፣ የጎማ ከረጢትና የፀሐይ መብራት። ለአብዛኛው ቤተሰብ እዚህ ላይ ማቆም ይበቃል።

አቅም ካለ ገንዘቡን ዕቃ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ አውሉት። ለሦስትና ለአራት ሳምንት ውሃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ ረዳት ይቀጠር። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ገና ስፌቱ ያልጠና ሰው ሊያነሳው አይገባም። ምቹ አልጋ ገዝተንላት ጀሪካኑን ራሷ ካነሳች ምኑን ረዳናት?

በኦፕራሲዮን ለወለደች፦ ትራሷ ሁለት ሥራ አላት፤ ለሳልና ሕፃኑን ለማጥባት። ሕፃኑ በእጅ በሚደርስ ቦታ ይተኛ። ለእግር ስብራት፦ እግሩ ከልብ ከፍ የሚልበት ትራስና የሚታመን ክራንች፤ ብርድ ልብሱ አያሳስባችሁ። ለሄርኒያ ወይም ለፕሮስቴት፦ ሽርጥ፣ አልጋ አጠገብ የሽንት ዕቃ፣ ሆድ የማያደርቅ ምግብ።

በምቾት የማይታለፉ ነገሮችም አሉ። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ የተከፈተ ስፌት፣ የማይቆም ደም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ሽንት መከልከል፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። እነዚህ ሲመጡ ጋቢም ሙቅ ውሃም አትሞክሩ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና። ቁስል ላይ ቅቤ፣ ቅጠል፣ ዱቄት ማድረግ የለም። ጸበል የሚጠጣ ይጠጣ፤ ቁስሉ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይረስ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጎረቤትና እድርተኛ ጠይቁ። ከእኛ በፊት ታሞ የዳነ ሰው ቤት ዕቃው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የእኛ የእንጨት ወንበር አሁን ሦስተኛ ቤቱ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዱ ቤት ደግሞ መደገፊያው ላይ ስፖንጅ ጨምሮበታል። ሲመለስ ከሄደበት ተሽሎ ይመጣል። ብርድ ልብሱን ግን እስካሁን የጠየቀን የለም።